ጥቁር ፌልት ላይ ስዕል መገልበጥ ላስቸገራችሁ

ልጄ የሳለቻትን ወፍ ጥቁር ፌልት (ወፈር ያለ ፀጉራም ጨርቅ) ላይ ልጠልፍላት ፈልጌ መስመሩ አልይዝ ብሎኝ ነበር። እርሳስ ጭራሽ አይታይም፣ የልብስ ሰፊ ጠመኔ ጥልፉ ግማሽ ሳይደርስ በእጅ ተጠርጎ ይጠፋል፣ ካርቦን ወረቀትም ፌልቱ ፀጉራም ስለሆነ ተቆራርጦ ነው የሚወጣው።

የሰራልኝ ስስ ወረቀት ነው፣ ያ ብርሃን የሚያሳልፈው የስጦታ መጠቅለያ። ስዕሉን በሹል እርሳስ ቀለል አድርጌ ገለበጥኩ፣ ዳር ዳሩን በረጃጅም ስፌት ፌልቱ ላይ ያዝኩትና ከነወረቀቱ ጠለፍኩት፣ ያ የተጣመመ ክንፏ ራሱ ልክ እሷ እንደሳለችው ወጣ በጣም ነው ደስ ያለኝ! ስፌቱን አጠር አጠር አድርጉት፣ መርፌው ወረቀቱን ስለሚበሳሳው ሲያልቅ በቀላሉ ይቀደዳል። ወረቀቱን ስትቀድዱ ክሩን በጣት ያዝ አድርጋችሁ ቀስ በሉ፣ ስር የቀረውን ቁርጥራጭ በወረንጦ ልቀሙት። በውሃ አታስለቅቁት፣ የሱፍ ፌልት ከሆነ ይኮማተራል።