ለአሮጌው ዴስክቶፕ የሚገጥም ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

በደሴና በኮምቦልቻ በየጽሕፈት ቤቱ፣ በየፎቶ ኮፒ ሱቁና በየቤቱ ከሚሠሩት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ አገልግለው የገቡ ዴልና ኤችፒ ናቸው። ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፤ ስለተንቀራፈፉ ብቻ አይጣሉም። ነገር ግን ምን ዕቃ እንደሚገባላቸው የሚወስነው ሻጩ ሳይሆን ማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ያልገጠመውን ለመመለስ ያለው ጣጣ ብዙ ነው። ስለዚህ ሥራው ከሱቅ በፊት ቤት ውስጥ ይጀመራል።

1. ማሽኑን ይወቁ

በኬዙ ላይ የተለጠፈውን የሞዴል ስምና ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። አንድ ሞዴል በትልቅም በቀጭንም ኬዝ ስለሚሠራ መጠኑንም ይያዙ። ዴል ከሆነ ሰርቪስ ታግ የሚባለውን ቁጥር በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ሲያስገቡ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ዕቃ ይዘረዘርልዎታል። ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ይያዙ፤ የኬዙን ብረት በእጅዎ ነክተው ይክፈቱት።

2. ራሙ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። ነባሩን ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ቀጭን ካርድ) አውጥተው ተለጣፊውን ይመልከቱ። ለምሳሌ «ፒሲ3ኤል-12800ዩ» (PC3L-12800U) የሚል ይሆናል። «ፒሲ3» ማለት ዲዲአር3 የሚባለው የራም ዓይነት ነው። «ኤል» በ1.35 ቮልት መሥራት እንደሚችል ያሳያል። 12800 ደግሞ የ1600 ፍጥነት ነው። የመጨረሻዋ ፊደል ግን ከሁሉም በላይ ትታይ፦ «ዩ» (U) የዴስክቶፕ፣ «ኤስ» (S) የላፕቶፕ፣ «አር» (R) የሰርቨር ነው። የሰርቨሩ ራም ርዝመቱም ክፍተቱም ከዴስክቶፑ ጋር ስለሚመሳሰል ስሎቱ (መሰኪያው) ውስጥ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። በርካሽ የሚቀርብ «ለኤኤምዲ ብቻ» የሚባል ራምም አለ፤ ኤኤምዲና ኢንቴል የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ) አምራቾች ስለሆኑ፣ ማሽንዎ ኢንቴል ከሆነ ይለፉት።

ዲዲአር3 240 ፒን (የመገናኛ ጥርስ)፣ ዲዲአር4 288 ፒን አላቸው። በወርቃማ ጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። እምቢ ያለን ራም በጉልበት አይጫኑ፤ የሚሰበረው ስሎቱ ነው።

ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም አይጠቀምም። ይህን ሳያዩ 8 ጊጋባይት መጨመር ብር መጣል ነው።

3. ኤስኤስዲ ይግዙ

እኔን ቢጠይቁኝ ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው። ማሽኑ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ከራም ይልቅ ኤስኤስዲ (በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ) ሕይወት ይሰጠዋል። ባለ 2.5 ኢንቹን፣ በሳታ ገመድ የሚገናኘውን ዓይነት ይምረጡ፤ አሮጌ ማዘርቦርድ ሁሉ ማለት ይቻላል ይቀበለዋል። ሳታ 2 (የቆየውና ዘገምተኛው ሳታ) ብቻ ባለው ማሽን ሙሉ ፍጥነቱን ባይሰጥም ከሃርድ ዲስኩ እጅግ ይፈጥናል። ማስቲካ የመሰለውን ኤንቪኤምኢ የሚባል ኤስኤስዲ ግን ይተዉ። በአስማሚ ካርድ ቢገጠም እንኳ የቆየ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ ከእሱ አያስነሳም።

4. ፓወር ሰፕላይና ግራፊክስ ካርድ

መደበኛው ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከማዘርቦርዱ ጋር በ24 ፒን ይገናኛል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ግን 8 ፒን፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ደግሞ 6 ፒን ነው። ለእነዚህ ከገበያ የተገኘው ሁሉ አይሆንም። ፓወር ሰፕላዩ ከጀርባው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይሰኩ፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው።

ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣ ካርድ) ከፈለጉ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይጠይቀውን ይያዙ፤ ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ለቀጭን ኬዝ ደግሞ አጭሩን ካርድ ከነአጭር ማሰሪያ ብረቱ ይጠይቁ።

5. ፕሮሰሰር

በመጨረሻ የሚታሰብ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አይ5-3470 በ1155 ሶኬት (የፕሮሰሰሩ መቀመጫ)፣ አይ5-4570 በ1150 ሶኬት ይቀመጣሉ፤ ስማቸው ቢቀራረብም አይለዋወጡም። ሶኬቱ ቢገጥም እንኳ ባዮሱ እንደሚያውቀው ከአምራቹ ዝርዝር ያረጋግጡ። የዋት መጠኑም ከነባሩ ብዙ አይብለጥ፤ በተለይ ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነች ቀጭን ኬዝ ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ቶሎ ይግላል። ሲቀይሩ አዲስ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ይቀቡ። ለዊንዶውስ 11 ብለው ግን አይቀይሩ። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ጀምሮ ነው፤ ያንን ደግሞ እነዚህ ማዘርቦርዶች አይዙም። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ባንክና ኢሜይል ለሚከፈትበት ማሽን ሊኑክስን (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሥርዓት) ያስቡበት።

6. ሱቅ ሲደርሱ

ነባሩን ራም በወረቀት ጠቅልለው፣ ፎቶዎቹን በስልክ ይዘው ይሂዱ። ደሴ ውስጥ የሚገዙ ከሆነ ኬዙን ራሱን ይውሰዱና እዚያው እንዲገጠም ይጠይቁ፤ ደህና ሻጭ አይከፋውም። ከሌላ ከተማ የሚያስመጡ ከሆነ ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት የተለጣፊውን ጥርት ያለ ፎቶ ያስልኩ፤ ካልገጠመ እንደሚመለስም በጽሑፍ ይስማሙ።

ከተገጠመ በኋላ ማሽኑ ሲነሳ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10 ተጭነው ባዮስ ይግቡና የራሙን መጠን ይዩ። 8 የነበረው 16 ካላለ ማሽኑን አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ ራሙንም አውጥተው በሌላ ስሎት ይሞክሩት። አሁንም ካልታየ ደረሰኙን ይዘው በዚያው ቀን ይመልሱት።