የዱር ዳክዬ ፍለጋ በደብረ ብርሃን፦ ባዶ እጃችንን የመለሱን ስህተቶች

ኅዳር ላይ እኔና ጓደኛዬ የዱር ዳክዬ ፎቶ ለማንሳት ወደ ሰሜን ሸዋ ወጥተን ነበር። ጠመንጃ አልያዝንም፤ ያለ ፈቃድ ማደንን አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይከለክላል፤ ባይከለክልም የእኛ ፍላጎት ማየት ብቻ ነበር። ካሜራው፣ ረጅሙ ሌንስ፣ አቅርቦ ማያው መነጽር ሁሉ ተሟልቷል። ይዘን የተመለስነው ግን በሰማዩ ላይ ነጥብ ያከሉ ወፎችን ነው። ዳክዬ ቀድሞ ለጠበቀው እንጂ ለተከተለው አይገኝም። ይህን ሳናውቅ ስለሄድን የሠራናቸውን ስህተቶች ሌላው እንዳይደግማቸው አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ከጎህ በኋላ መድረስ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው። 130 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ጨርሰን፣ መኪናውን አቁመን፣ ወደ በሬሳ ወንዝ ከሚወርደው ረግረግ ዳር ስንደርስ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። በዚያ ሰዓት ከብቱ ተሰማርቷል፣ እረኛው ወጥቷል፣ ፀሐዩም ውኃው ላይ ያንጸባርቃል። ብዙዎቹ ዳክዬዎች ሌሊቱን ሲመገቡ ያድሩና ሲነጋ ዙሪያ ገባውን ወደሚያዩበት ገላጣ ውኃ ይመለሳሉ። እኛ የደረስነው ጠግበው፣ መሀል ውኃ ላይ ተቀምጠው፣ ዳሩን ሁሉ በሚቃኙበት ጊዜ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደብረ ብርሃን ያድሩ፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ረግረጉ ዳር ተቀምጠው ይንጋልዎት።

ነጭ ጋቢ

ይህ ስህተት እስካሁን ይቆጨኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ የኅዳር ማለዳዋ ውርጭ አጥንት ይሰብራል። ጓደኛዬ ብርዱን ፈርቶ እናቱ የሰጡትን አዲስ ጋቢ ተከናንቦ መጣ። በዚያ ቡናማና አረንጓዴ ሜዳ ላይ ከሩቅ የሚታየው ነጭ ነገር እርሱ ብቻ ነበር። የዳክዬ ዐይኖች በራሱ ግራና ቀኝ ስለተቀመጡ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ያያል፤ ቀለምም በደንብ ይለያል። ገና 200 እርምጃ ያህል ሲቀረን አንገቶች ቀጥ አሉ፤ ጓደኛዬ ጋቢውን ሊያስተካክል እጁን ሲያነሳ መንጋው በሙሉ ተነሣ።

በዚያው ሰዓት የመንዝ ባና የደረቡ አንድ አባት ከላሞቻቸው ኋላ ሆነው በረግረጉ ጠርዝ ያልፉ ነበር። ለእርሳቸው አንድም ወፍ አልተነሣላቸውም። የባናው ጥቁር ቡኒ መልክ ከአፈሩና ከድንጋዩ ጋር ይዋሃዳል። ሌላም ምክንያት አለ። በአካባቢው የዳክዬ ሥጋ አይበላም፤ በሃይማኖትም በልማድም የተተወ ነው። ወፉ ከልጅነቱ ጀምሮ ገበሬንና ከብትን ክፉ ሳያይባቸው ስለሚኖር ሲያያቸው አይደነግጥም። የሚያስደነግጡት እንግዳ መልክና እንግዳ አካሄድ ናቸው።

ወደ ወፉ ቀጥ ብሎ መሄድ

እንግዳው አካሄድ የእኛ ነበር። ሁለታችንም ዐይናችንን ተክለን፣ አጎንብሰን፣ በቀጥታ ወደ ውኃው ገሰገስን። ለወፍ ይህ የቀበሮ አመጣጥ ነው። ከብት እንደዚያ አይሄድም፤ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ ይቆማል፣ ይግጣል። ስለዚህ ጎን ለጎን እያለፉ፣ እየቆሙ፣ ዐይንን ከወፉ ላይ አንስቶ መሬት መሬት እያዩ ቢጠጉ ይሻላል። ከዚያም የሚበልጠው ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ነው።

ስለ ነፋስም አንድ ነገር። ጓደኛዬ ሽታችን እንዳይደርሳቸው ብሎ ነፋሱ ከፊታችን በሚመጣበት በኩል አዞረን። ለሚዳቋ ቢሆን ትክክል ነበር። ዳክዬ ግን ይበልጥ የሚጠነቀቀው በዐይኑና በጆሮው ነው፤ ሲነሣም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ነፋሱ ከጀርባዎ ቢሆን ኖሮ ወደ እርስዎ እየበረረ ይነሣ ነበር። እኛ ያነሳናቸው ፎቶዎች ሁሉ የጅራት ፎቶዎች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃውን ብቻ ማየት

ፍለጋችን ጅራታቸው እንደ መርፌ የሾለውንና ምንቃራቸው እንደ ማንኪያ የሰፋውን ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶች ነበር። እነዚህ ክረምቱ ሲወጣ መጥተው እስከ መጋቢት ገደማ ይቆያሉ። ምንቃሩ ቢጫ የሆነው የአገራችን ዳክዬም ካጋጠመን ብለን ነበር። ሁሉንም ውኃ ላይ ፈለግን። ሣሩን አንድ ጊዜ እንኳን በመነጽር አላየነውም።

ማታ ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ሳሰፋ ግን ከአንደኛው ጥግ፣ ግራጫ ድንጋይ ከመሰሉኝ ሁለት ነገሮች አንዱ ትንሽ ጥቁር ምንቃር ነበረው። ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ ነበር፤ መኖሪያው የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሆነው! አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ጀርባው ላይ ሲያሳርፍ ከድንጋይ አይለይም። የክንፉ ሰማያዊ የሚታየው በአብዛኛው ሲበር ነው። ከዳክዬ ይልቅ እንደ በግ ሣር ይግጣል፤ ብዙ ጊዜም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታያል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር አቋርጦ የመጣውን እንግዳ ስናሳድድ፣ ሌላ አገር የሌለውን ባለቤት 40 እርምጃ ላይ ትተነው አለፍን። ስለዚህ መነጽርዎን መጀመሪያ ሣሩ ላይ ያሳርፉ፤ እያንዳንዱን ድንጋይ ሁለት ጊዜ ይዩት። በበልግና በክረምት ከሄዱ ደግሞ ዝይዋ ጎጆዋን ሣር ውስጥ ስለምትሠራ ከረጅሙ ሣር ይራቁ።

የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ መመለስ

ከሁሉ በፊት ልናደርገው ይገባ የነበረውን የመጨረሻ አደረግነው። መኪናው አጠገብ እቃ ስንጭን ባና የደረቡት አባት መጡና ረጅሙን የሌንስ ቦርሳ አይተው፣ “ልጆቼ፣ መሣሪያ ነው እንዴ?” አሉን።

“አይደለም አባቴ፣ ፎቶ ማንሻ ነው” አልኳቸው። ከፍቼም አሳየኋቸው።

ፊታቸው ፈታ አለ። “ታዲያ ለምን ሮጣችሁባቸው? ከብቱ ሲገባ እኮ ራሳቸው እዚህ ድረስ ይመጣሉ፤ ከዚያች ካብ ሥር ብትቀመጡ እግራችሁ ሥር ነው የሚያርፉት” ብለው በዱላቸው አመለከቱን። ግጦሹም የእርሳቸውና የጎረቤቶቻቸው ነው፤ ሳናስፈቅድ መግባታችን በራሱ ነውር ነበር። ይቅርታ ጠየቅናቸው።

ሰዓቱ 6 ሆኗል። ጓደኛዬ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበረበት፤ ካቧን እያየን መኪናውን አስነሣን።