ራስን ለማየትና ልብን ለማሻር ሲሞክሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደሴም በኮምቦልቻም «ራሴን ልመልከት፣ ልቤ ይሻር» ብሎ የተነሳ ሰው አይጠፋም። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በሁለቱ ከተሞች ያለፈው ጦርነት፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ከሰሜን ተፈናቅለው በደሴ ትምህርት ቤቶች የተጠለሉት ቤተሰቦች ያዩት መከራ፣ ከዚያም በኋላ የከበደው ኑሮ በብዙ ቤት ውስጥ ያልተነገረ ነገር ትቶ ሄዷል። ጥረት አልጎደለም። የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመጠን፣ በሰዓትና በሰው ምርጫ ነው። የሚጠቅመው ነገር ከልክ ያልፋል፣ በማይሆን ሰዓት ይደረጋል፣ ወይም ለማይሆን ሰው ይነገራል።

መብሰልሰልን ራስን እንደ መመርመር መቁጠር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልጋ ላይ እየተገላበጡ «ለምን እንዲህ አደረግሁ? ለምን በእኔ ላይ?» ማለት መብሰልሰል ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚያስቡት ሲጀምሩ ያሰቡትን ራሱን ከሆነ፣ እየተብሰለሰሉ ነው። «ለምን» የሚለው ጥያቄ ሌሊት መልስ አይገኝለትም። እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜትን ያጨልማል፣ ጠዋት ላይ ትንሹን ችግር እንኳ ለመፍታት አቅም ያሳጣል።

የሚሻለው በብርሃን፣ ቁጭ ብሎ፣ ወረቀት ላይ ማድረግ ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ 15 ደቂቃ ይበቃል። ስልክዎን በ15 ደቂቃ እንዲጮህ አድርገው ሦስት ጥያቄ ይመልሱ፦ ዛሬ ምን ሆነ? ያኔ ሰውነቴ ላይ ምን ተሰማኝ? (ደረቴ ጠበበ? እጄ ቀዘቀዘ?) ነገ ስለዚህ የማደርገው አንድ ትንሽ ነገር ምንድን ነው? ስልኩ ሲጮህ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም እስክሪብቶውን ያስቀምጡ። ሐሳቡ ሌሊት ተመልሶ ከመጣ «ነገ 11 ሰዓት» ብለው ያሳድሩት። ካልሆነ ተነስተው ሌላ ክፍል ይቀመጡ፤ አልጋ የጭንቀት ቦታ ሆኖ እንዳይለመድ።

በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ሰዓቱን በእንቅልፉ ይለካ። ከሌሊት ፈረቃ እንደወጡ አይጻፉ፤ ተኝተው፣ ተነስተው፣ በልተው ይጻፉ። እንቅልፍ ያጣ ሰው የራሱን ጥፋት አግዝፎ ያያል።

ከባድ የሆነ ያለፈ ነገር ካለ ሌላ ዓይነት አጻጻፍ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያጠናው ነው፦ ስለ አንድ ጉዳይ በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ለሦስት ወይም ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ ስለ ፊደልና ስለ ነጥብ ሳይጨነቁ መጻፍ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛ፣ በመጀመሪያው ቀን ከጻፈ በኋላ ስለሚከፋው «ባሰብኝ» ብሎ ይተወዋል፤ ለጥቂት ሰዓት መከፋት ግን የሚጠበቅ ነው። ሁለተኛ፣ አራቱ ቀን ካለፈ በኋላም ያንኑ ነገር ለወራት ይደጋግመዋል፤ ያኔ ወረቀት ላይ መብሰልሰል ይሆናል። ሦስተኛ፣ ሐዘኑ ገና ትኩስ ሳለ ይጀምራል። ሲጽፉ ከአቅም በላይ ከሆነብዎት ወዲያው አቁመው ስለ ቀለል ያለ ነገር ይጻፉ። ቤቱ ጠባብ ሆኖ ሰው ያነብብኛል ብለው ከሰጉ ወረቀቱን ቀደው ያቃጥሉት፤ ጥቅሙ ከመጻፉ እንጂ ከማስቀመጡ አይደለም።

በምርቃና የመጣን ሐሳብ እንደ ውሳኔ መያዝ

ይህን ማለፍ አንችልም፤ በአካባቢያችን ብዙ «ራስን መመርመር» የሚካሄደው በርጫ ላይ ነውና። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አእምሮን ያነቃቃል፤ ሐሳብ ይፈጥናል፣ ወሬ ይጥማል፣ ዕቅድ ይበዛል፣ ከልብ የተነጋገሩም ይመስላል። ሲበርድ ግን ድብርቱ ይመጣል፣ እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ያን ለማብረድ ጨብሲ ይከተላል። ማታ ላይ «ገባኝ» ያሉት ነገር ጠዋት ባዶ ሲሆን ሰው ራሱን ይንቃል፤ ጥፋቱ የሰዓቱ ሆኖ ሳለ።

ስለዚህ በምርቃና የተወሰነ ነገር፣ በተለይ ስለ ትዳር፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ጠብና ስለ ይቅርታ ከሆነ፣ አንድ ሌሊት በደንብ ተኝተውበት ሳይነጋ አይደዋወሉበት። ከሚቅም ወዳጅዎ ጋር ቁም ነገር ካለዎት ጠዋት ቁርስ ላይ ይቀጥሩት። ለዓመታት የቃመ ሰው ሲያቆም ለጥቂት ቀናት ዱካክ፣ ድካምና ብስጭት ይገጥመዋል። በዚያ ሳምንት ስለ ሕይወቱ ትልቅ ድምዳሜ ላይ እንዳይደርስ አስቀድሞ ይነገረው።

ያዘነን ሰው ቶሎ ዝም ማሰኘት፣ ወይም እንዲናገር መጎትጎት

ሁለቱ ተቃራኒ ይመስላሉ፤ የሚመጡት ግን ከአንድ ቦታ ነው፦ ሰሚው የሌላውን ሕመም መሸከም አቅቶት። አንደኛው ያዘነችው ሴት ገና አፏን ስትከፍት «አብሽሪ፣ ያልፋል፣ ከአንቺ የባሰ አለ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ካልተነፈስሽው ይገድልሻል፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» እያለ ያየችውን ሁሉ ያስቆጥራል። መከራ የደረሰበትን ሰው ወዲያው ዝርዝሩን እንዲናገር መግፋት እንደማይመከር የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎች ያስቀምጣሉ።

ድርጅቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ከአጋሮቹ ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ ሦስት ሥራ ይሰጣል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ማየት ማለት ሰውየው አሁን ያለበት ቦታ ሰላም መሆኑን፣ መብላቱን፣ መተኛቱን ማጣራት ነው። ማዳመጥ ማለት የሰጠውን ያህል መቀበል ነው፤ «እታለም፣ አለሁ። መናገር ካሻሽ እሰማለሁ፣ ካልፈለግሽም አብሬሽ እቀመጣለሁ» ማለት ይበቃል። ማገናኘት ደግሞ ከዘመድ፣ ከቀበሌ፣ ከጤና ጣቢያ ወይም ከሥራ ጋር ማስተሳሰር ነው። ልጇ የጠፋባትን እናት ከመምከር ይልቅ ስልኳ ካርድ እንዲኖረው ማድረግ የሚበልጥበት ቀን አለ።

ሰው መሀል መዋልን እንደ መቀራረብ ማየት

ወሎ ሰው የማያጣበት አገር ነው። ቅሬው (ዕድሩ) ድንኳን ይተክላል፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ቀባሪ ነው፣ ክርስቲያኑም ሰደቃው ላይ ይገኛል፣ ቡናው በየቀኑ ይፈላል። ሆኖም በዚህ ሁሉ መሀል ውሎ ለአንድ ሰው እንኳ ልቡን ያልነገረ ብዙ አለ። ስምንት ሰው በተቀመጠበት አቦል ላይ ምሥጢር አይወጣም፤ መውጣትም የለበትም፣ በበነጋው ሰፈሩን ይዞራልና። ይልቅ በረካው ተጠጥቶ ጎረቤቱ ሲበተን፣ ረከቦቱን ለማነሳሳትና ሲኒውን ለማጠብ የቀረችውን አንዷን ያስተውሉ። እጅ ሥራ ሲይዝ ዓይን ለዓይን መተያየት ይቀራል፣ አፍም ይፈታል። ለወንዶች ደግሞ ጎን ለጎን መራመድ ያንኑ ይሠራል፤ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ግማሽ ሰዓት መውጣት ካፌ ውስጥ ፊት ለፊት ከመቀመጥ ይሻላል።

ሰሚውን በሦስት ነገር ይምረጡ። የሌላ ሰው ምሥጢር ለእርስዎ ያወራ፣ የእርስዎንም ያወራል። ሲነግሩት ወዲያው የራሱን ታሪክ የሚጀምር አይሆንም። በጉዳዩ ውስጥ ጥቅም ወይም ቂም ያለውም አይሆንም። መጀመሪያ ትንሽ ነገር ይንገሩትና ሁለት ሳምንት ይጠብቁ፤ ተመልሶ ከሌላ አፍ ካልሰሙት ይቀጥሉ። ሲጀምሩም የሚፈልጉትን ይናገሩ፦ «ምክር አልፈልግም፣ ሃያ ደቂቃ ስማኝ።» ይህን ሳንነግረው ቀርተን ምክር ሲያዘንብብን በሰሚው መቀየም ፍትሐዊ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ተራው የእሱ ይሁን፤ ሁልጊዜ አንዱ ብቻ የሚናገርበት ወዳጅነት ይደክማል።

ይቅርታን፣ እርቅንና እምነትን አንድ ማድረግ

ይቅርታ በበዳዩ ላይ የያዙትን ቂም መተው ነው፤ በዳዩ ባይኖርም ይቻላል። እርቅ ሁለት ወገን ይፈልጋል። በአበጋሮችም (በወሎ በባህሉ መሠረት በሚያስታርቁት ሰዎች) ሆነ በአገር ሽማግሌ ፊት በዳይ ጥፋቱን ማመኑና መካሱ ከእርቁ የማይቀረው ለዚህ ነው። እምነት ግን ከእርቁ በኋላ በወራት ሥራ የሚመለስ ሌላ ነገር ነው። «ታርቀናል፣ እንግዲህ ገንዘቤንም ልጄንም አደራ ልስጠው» ማለት አይጠበቅብዎትም። የተበደለን ሰው በበዓል ሰሞን ድንገት ከበዳዩ ጋር ማስቀመጥ ደግሞ ቁስሉን መንካት ነው፤ አስቀድሞ ይጠየቅ፣ እምቢ ካለ ይከበር።

የሰውነትን ድንጋጤ በክርክር ለማሸነፍ መሞከር

ከሐረጎ ተራራ የሚወርድ ከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ ወይም ሠርግ ላይ ርችት ሲተኮስ ልብ የሚመታው ሐሳብ ከመድረሱ በፊት ነው። «ጦርነቱ አልፏል፣ ምን ያስፈራኛል» ብለው ራስዎን ቢወቅሱ አይበርድም። እግርዎን መሬት ላይ ይጫኑ፣ ዙሪያዎን አይተው አምስት ነገር በስሙ ይጥሩ። ከዚያ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ይሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያውጡ፤ አምስት ደቂቃ። የሚያረጋጋው አወጣጡ ረዘም ማለቱ ነው። ብዙዎች አየር በኃይል እየሳቡ ይባስ ጭንቅላታቸው ይዞራል። ሰላም ባለ ቀን ካልተለማመዱትም በጭንቅ ሰዓት አይመጣም።

ሕክምናን ማዘግየት፣ መድኃኒትን ማቋረጥ

ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ የዘለቀ ድብርትና የፍላጎት ማጣት፣ ወይም ከመከራው በኋላ ከወር በላይ የቀጠለ ቅዠትና የሆነው ነገር እንደገና የሚሆን የሚመስል ስሜት ካለ፣ ወረቀትና ወዳጅ ብቻ አይበቁም። በአቅራቢያ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ወደ ሆስፒታል ማስተላለፍ ካስፈለገ እነሱ ያስተላልፋሉ። «መኖር አልፈልግም» የሚል ሰው ካለ በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለው ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፣ ፀረ ተባይና መድኃኒት ከአጠገቡ ያርቁ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ያድርሱት።

የድብርት መድኃኒት ለመሥራት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል፤ ሌላው ደግሞ በሁለተኛው ወር ስለተሻለው ይተወዋል። ከተሻለ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወሰዳል፤ ሲቆምም በባለሙያ ምክር ቀስ እየተባለ ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ቁርአን የሚያስቀራም ያስቀራ፤ ክኒኑን ግን ይዞ ይሂድ። ለመጀመሪያው ቀጠሮም እነዚህን በወረቀት ጽፈው ይያዙ፦ መቼ እንደጀመረ፣ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ጫትና መጠጥ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚወስዱ፣ የሚውጡት ሌላ መድኃኒት ካለ። ባለሙያው ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ወረቀቱን ገና እንደተቀመጡ ይስጡት።