ግራፉ ሲያምር ተጠራጠሩ፦ በኦፕቲካል ሞዱሌተር ሲሙሌሽን የሚሠሩ ስህተቶች

ሞዱሌተር የኤሌክትሪክ ምልክትን ብርሃን ላይ የሚጭን ዕቃ ነው። ፋይበር ውስጥ የሚሮጠው ዳታ ጉዞውን የሚጀምረው ከእሱ ነው። ማሠራት ውድ ስለሆነ አስቀድመን በኮምፒውተር እንሞክረዋለን። ኮምፒውተሩ ደግሞ ምንም ቢሰጡት ግራፍ ማውጣቱ አይቀርም። ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

የጀማሪ ስህተት ሁሉንም በአንድ ሲሙሌሽን ልጨርስ ማለት ነው። የ1550 ናኖሜትር ብርሃን በሰከንድ 193 ትሪሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። የ50 ጊጋኸርዝ ምልክት አንድ ዙር እስኪጨርስ ብርሃኑ 4000 ጊዜ ያህል ተርገብግቧል። ዕቃው ደግሞ ሚሊሜትሮች ይረዝማል። ይህን ሁሉ በሦስት ልኬት አስላ ቢሉት ሰርቨሩ ሲያቃስት ይከርማል። ብርሃኑን ለብቻ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ለብቻ አስልቶ በኋላ ማገናኘት ይሻላል።

ሁለተኛው እኔንም ጉድ ሠርቶኛል። ምልክቱና ብርሃኑ ጎን ለጎን እኩል መሮጥ አለባቸው። አንዱ ከዘገየ የሞገዱ አንድ ግማሽ የሰጠውን ሌላው ግማሽ ይነጥቀዋል። የሲሊከን ሞዱሌተር ስነድፍ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ያሳየኝን የብርሃን ኢንዴክስ (ብርሃኑ ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ የሚናገር ቁጥር)፣ 2.4 አካባቢ፣ ወሰድኩ። የኤሌክትሪክ መስመሩንም ከእሱ ጋር አስማማሁ። ግራፉ ሲያምር! ለካ የሚፈለገው ግሩፕ ኢንዴክስ፣ ማለትም ብርሃኑ የተሸከመው ምልክት የሚሮጥበትን ፍጥነት የሚናገረው ቁጥር፣ ኖሯል። እሱ በተለመደው 450 በ220 ናኖሜትር የሲሊከን መስመር 4.2 ገደማ ነው። የ1.8 ልዩነት በ3 ሚሊሜትር ርዝመት ላይ ብቻውን ባንድዊድዙን (ሞዱሌተሩ ሳይዳከም የሚከተለውን የምልክት ፍጥነት) ወደ 25 ጊጋኸርዝ ያወርደዋል። ሌላው ብክነት ገና ሳይቆጠር።

ሊቲየም ናዮቤት በሚባለው፣ ቮልት ሲያርፍበት ኢንዴክሱ በሚቀየር ክሪስታል ላይ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ቮልቱን በኤሌክትሮዶቹ ርቀት አካፍለው ያልፋሉ። መስኩ ግን እኩል አይከፋፈልም። በክሪስታሉ ዋና ዘንግ ፐርሚቲቪቲው (የኤሌክትሪክ መስክን የማዳከም አቅሙ) 28 አካባቢ ሲሆን የዙሪያው ኦክሳይድ ግን 3.9 ነው። ስለዚህ አብዛኛው ቮልት ኦክሳይዱ ላይ ሊቀር ይችላል። ብርሃኑ ባለበት ቦታ ያለውን መስክ አስሉ። ዘንጉንም ደግማችሁ አረጋግጡ፤ በተሳሳተ አቅጣጫ ከገባ ውጤቱ ወደ ሲሶ ይወርዳል፣ ሶፍትዌሩም ትንፍሽ አይልም።

ሲሊከን ላይ የብርሃኑን ፌዝ (ሞገዱ በዙሩ የደረሰበትን ቦታ) የሚቀይሩት ኤሌክትሮኖችና ሆሎች (ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ክፍት ቦታዎች) ብርሃኑንም ይመጥጣሉ። ፌዙን ብቻ አስገብቶ ብክነቱን መርሳት የተለመደ ነው። ሶሬፍና ቤኔት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ቀመር ሆሎቹ በኢንዴክሱ፣ ስለዚህም በፌዙ፣ ላይ ያላቸው ውጤት ከብዛታቸው ጋር በቀጥታ አያድግም፤ 0.8 ፓወር አለው። ቀጥተኛ መስመር አታድርጉት።

ብረቱንም አትናቁ። በ50 ጊጋኸርዝ ጅረቱ ወርቁ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው 0.35 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። ሜሹ (ፕሮግራሙ ዕቃውን የሚከፋፍልበት መረብ) ከዚያ ከሰፋ ብክነቱ አይታይም።

ባንድዊድዝ የሚለካው ውጤቱ በ3 ዴሲቤል፣ ማለትም በግማሽ ያህል፣ በሚወርድበት ቦታ ነው። 3 ዴሲቤል ሲባልም የኦፕቲካሉ ነው የኤሌክትሪኩ ብላችሁ ጠይቁ። የኦፕቲካሉ 3 በኤሌክትሪኩ 6 ነው። የራሳችሁን ግራፍ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ጋር ስታነጻጽሩ፣ ያለ ምንም ማሻሻያ ባንድዊድዛችሁ ሰፍቶ ከታያችሁ መጀመሪያ ይህን እዩ።