የአዋቂ ሙዚቃን ከልጆች ጋር አብሮ ለመስማት እንዴት እንደሚመረጥ

የልጆች መዝሙር ብቻ በሚከፈትበት ቤት ወላጅ ከሦስተኛው ዙር በኋላ ጆሮው ይደነዝዛል። የወላጅ ምርጫ ብቻ በሚከፈትበት ቤት ደግሞ ልጅ ኩርፊያውን ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባል። ለአዋቂ ተሠርቶ ልጅንም የሚያስጨፍር ሙዚቃ ግን ሞልቷል። ዋናው ሥራ ሙዚቃውን ከመክፈት በፊት ያለው መረጣ ነው።

1. የሚወዱትን ይጻፉ

«ለልጅ ይጠቅማል» የተባለውን ለጊዜው ይተዉትና እርስዎ የማይሰለቹትን ሃያ ያህል ሙዚቃ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ልጅ ዘፈኑን ከመስማቱ በፊት የእርስዎን ፊት ያያል። ወላጁ ትከሻውን ሲነቀንቅ ካየ ይጠጋል፣ በግዴታ እንደተቀመጠ ካወቀ ደግሞ ይሸሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። የክላሲካል አቀናባሪው የሞዛርት ሙዚቃ የልጅን አእምሮ ብሩህ ያደርጋል እየተባለ ብዙ ተወርቷል። የወሬው መነሻ በ1993 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አጭር ጥናት ነው። ጥናቱ የተካሄደው በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ እንጂ በሕፃናት ላይ አልነበረም። የታየው መሻሻልም በአንድ ዓይነት የቅርጽ ፈተና ላይ ብቻ ሲሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ጠፍቷል። ሞዛርትን የሚወዱት ከሆነ በደስታ ይክፈቱት። እንደ መድኃኒት ለመስጠት ብለው ከሆነ ግን ይቅርብዎት፣ ልጁም ያውቅብዎታል።

2. ዘፈኑ «ጆሮ» እንዳለው ያረጋግጡ

ስኒ የሚያዘው በጆሮው ነው። ዘፈንም ልጅ የሚይዝበት ጆሮ ያስፈልገዋል። በዝርዝርዎ ያሉትን ሲሰሙ ከሚከተሉት ቢያንስ አንዱን ይፈልጉ።

የመጀመሪያው ቶሎ የሚመለስ አዝማች ነው። ዘፈኑ ከተጀመረ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው አዝማቹ ከመጣ፣ ሁለተኛው ላይ ልጁ ያጉረመርማል፣ ሦስተኛው ላይ ይዘፍናል። አውጪና ተቀባይ ያለው ዘፈን ደግሞ ከዚህም ይሻላል፤ ተቀባዮቹ የሚሉት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ የሦስት ዓመት ልጅ እንኳ ሥራ ያገኛል።

ሌላው ምት ነው። ለ15 ሰከንድ ከዘፈኑ ጋር ያጨብጭቡና የቆጠሩትን በ4 ያባዙት፤ ያ በደቂቃ ያለው የምት ብዛት ነው። 120 አካባቢ ከሆነ፣ ማለትም በሰከንድ ሁለት ጊዜ ካጨበጨቡ፣ ለመዝለልም ለመጨፈርም ይመቻል። ትንንሽ ልጆች እንዲሁ እንደ ልባቸው ሲያጨበጭቡ ከአዋቂ ስለሚፈጥኑ፣ ለእርስዎ «ደህና» የሆነው ፍጥነት ለእነሱ እንቅልፍ ሊያመጣ ይችላል።

ከዚያ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አለ፤ ድንገት ፀጥ ብሎ የሚመለስ ባንድ፣ እንደ ዝሆን የሚያናፋ ትሮምቦን፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ የሚሄድ ቅንብር። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ለልጅ ከባድ አይደለም። ፈረንሳዊው አቀናባሪ ሴን ሳንስ በ1886 እ.ኤ.አ. አንበሳን፣ ኤሊን፣ ዝሆንንና ሌሎች እንስሳትን በመሣሪያ የሚያስመስል ሥራ ለወዳጆቹ ጨዋታ ብሎ ጻፈ። ቁም ነገረኛ ስሙን እንዳያበላሽበት ሰግቶ፣ ስለ ዳክዬ መሳይዋ ነጭ ወፍ ከጻፈው አንድ ክፍል በቀር በሕይወት እያለ እንዳይታተም ከለከለ። ሙሉው የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1922 እ.ኤ.አ. ነው። አዋቂዎች እርስ በርሳቸው የተሳሳቁበት ሙዚቃ ዛሬ ልጆች ከሚሰሙት ክላሲካል ከዋነኞቹ አንዱ ሆኗል። እርስዎም ሲመርጡ ቀልድ የሚያውቁ ሙዚቀኞችን ያስቀድሙ።

3. ሰሙን ከወርቁ ይለዩ

ብዙ ወላጅ የሚደናገጠው ግጥሙ ላይ ነው። የፍቅር ዘፈን ሁሉ ይጣል ከተባለ የሚተርፍ አይኖርም። ደግነቱ ልጅ የሚሰማው ሰሙን ነው። «ዓይንሽ ኮከብ ነው» ሲባል ኮከብ ይታየዋል፤ ወርቁ በራሱ ላይ አልፎ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሁለት ፎቅ ያለው ግጥም ለቤተሰብ ይመቻል፤ እያንዳንዱ በየፎቁ ይሰማል።

ችግሩ ሰሙ ራሱ ሻካራ ሲሆን ነው። ስድብ፣ ሰውን ማዋረድ፣ አልጋ ነክ ነገር በግልጽ ከተባለ ልጁ ባይገባውም ቃሉን ይይዘዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለብዎት «ይገባዋል ወይ?» የሚለውን አይደለም። «ነገ ልጄ ይህን አዝማች መምህሯ ፊት ብትዘፍነው ምን ይሰማኛል?» ብለው ይጠይቁ። እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ባሏን ጥላ ስለምትሄድ ሴት የሚያወራ፣ ዜማው ግን ፍልቅልቅ የሆነ ዘፈን ቤት ውስጥ ደጋግሜ ከፈትኩ። የአምስት ዓመቷ ልጄ አዝማቹን እንግዶች በተሰበሰቡበት በሙሉ ድምፅ ለቀቀችው። እንግዶቹ ባለቤቴን በሐዘኔታ ዓይን አዩት።

ስለዚህ ዘፈኑን ብቻዎን ሆነው እስከ መጨረሻው ይስሙት። የምናስታውሰው አዝማቹን ነው፤ ጉዱ ያለው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ስንኝ ውስጥ ነው። የሙዚቃ መተግበሪያዎችን የማስጠንቀቂያ ምልክትም ብቻውን አይመኑ። ግጥሙ ሻካራ ነገር እንዳለበት ለመጠቆም በዘፈኖች አጠገብ የሚታየው «ኢ» (E) የተባለው የእንግሊዝኛ ፊደል የሚለጠፈው በአሳታሚዎቹ ነው፤ ካልለጠፉት የለም። ደግሞም ምልክቱ በአብዛኛው የሚከተለው ቃልን ነው። በጨዋ ቃላት ስለ ግድያ የሚተርክ ዘፈን ያለ ምንም ምልክት ሊያልፍ ይችላል።

የሐዘን ዘፈንን ግን አይጣሉ። ልጅም ያዝናል፤ «ለምንድነው የሚያለቅሰው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚከፈተው ወሬ ከዘፈኑ ይበልጣል። እኔ የማስወግደው ተስፋ የሚያስቆርጠውንና ልጁ ከመተኛቱ በፊት የሚመጣውን ብቻ ነው።

4. አጭር ዝርዝር ይሥሩ

ከሃያው አሥር ያህል ይቀርልዎታል። ይበቃል፤ አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ፈጣኑን ከፊት፣ ቀስ ያለውን ወደ መጨረሻ ያድርጉት። ረጅም የመሣሪያ መግቢያ ያለው ሙዚቃ መጀመሪያ ላይ አይመጣም፤ ልጅ አይጠብቅም። በመተግበሪያው ላይ ዝርዝሩ ሲያልቅ በራሱ ሌላ ዘፈን የሚያስከትለውን ማስተካከያ ያጥፉት፤ ያን ሁሉ መርጠው የአሥራ አንደኛውን ዘፈን ለማሽን መተው አያስኬድም።

5. ድምፁን ይቀንሱ

የዓለም ጤና ድርጅት ድምፁ ለአዋቂ በሳምንት ለ40 ሰዓት ከ80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ለልጆች ደግሞ ለዚያው ሰዓት ከ75 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። መለኪያ ከሌለዎት፣ ከልጁ አንድ እርምጃ ርቀው በተለመደ ድምፅ ሲያወሩ ካልሰማዎት ሙዚቃው በዝቷል ማለት ነው። አብሮ ለመስማት ደግሞ ስፒከር እንጂ የጆሮ ማዳመጫ አያስፈልግም።

6. ለልጁም ድምፅ ይስጡት

ዝርዝሩን ሲከፍቱ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል፣ ለእርስዎም ጭምር፣ አንድ ዘፈን የማስዘለል መብት ይስጡ። አንድ ብቻ። መብቱ ካለቀ ቀሪውን መስማት ግድ ነው። ይህች ትንሽ ሕግ ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች፤ ልጁም መብቱን ላለማባከን ሲል የማይወደውን እየሰማ ይቆይና አንዳንዴ ይወደዋል።

«እንደገና!» ሲል ለሁለት፣ ለሦስት ጊዜ ይታገሱት። ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቁ ራሱ ደስታው ነው። እርስዎ ከመሰልቸትዎ በፊት ግን በየዙሩ ሌላ ሥራ ይስጡት፦ አንዴ ባሱን ብቻ እንዲከተል፣ አንዴ ከበሮው የሚያርፍበትን እንዲጠቁም፣ አንዴ ተቀባዮቹን እንዲሆን።

ከፍ ላሉት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ለተጠጉት፣ መንገዱ ልውውጥ ነው። አንድ የእሱ፣ አንድ የእርስዎ። የእሱን ሲሰሙ ፊትዎን አያጨማዱ፤ ሦስት ደቂቃ ነው።

የተጣለ ዘፈን ካለ አይሰርዙት፤ ለብቻው ያስቀምጡት። በሰባት ዓመቷ «አስጠሊ» ያለችውን የሳክስፎን ሙዚቃ ልጄ በዘጠኝ ዓመቷ ራሷ ከፍታው አገኘኋት። መጀመሪያ የከፈትኩት እኔ መሆኔን አልነገርኳትም።