ኮሩ እንዳይነክስባችሁ
የአሉሚኒየም ፑሊ (ቺንጋ የሚዞርበት ጎማ) ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ስናፈስ የመሃሉን ቀዳዳ የሚያወጣልን የብረት ኮር ነው። አሉሚኒየም ሲረጋ ይኮማተራል፤ ኮሩን ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። ጀማሪ ሳለሁ አንዱን በመዶሻ ሳስወጣ ፑሊው ለሁለት ተሰነጠቀብኝ። ከዚያ ወዲህ ለኮር ማለስለሻ ጊዜ አልሰስትም።

በቅድሚያ ሾጣጣነቱን እዩ። በየጎኑ ቢያንስ 1 ዲግሪ ያህል ወደ ጫፉ ካልቀጠነ ማለስለሱ ብቻ አያድናችሁም።

ከቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ ከሚቀርጽ ማሽን) የወጣ ኮር ዙሪያውን ቀጫጭን መስመር አለው። ዋናው ጠላት እሱ ነው። የቀለጠው አሉሚኒየም እዚያ ገብቶ እንደ ጥርስ ይነክሳል። ስለዚህ ቶርኖው ላይ እያሽከረከራችሁ ብቻ አትጨርሱት (እኔም ስንፍና ይዞኝ አድርጌዋለሁ)። ሞርሳ (የጠረጴዛ መያዣ) ላይ እሰሩትና በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ኮሩ በሚወጣበት አቅጣጫ፣ ወደ ርዝመቱ ፈግፍጉት። የዙሪያው መስመር እስኪጠፋ ድረስ ወደ 240 አትለፉ። ከዚያ 400 ይበቃል። እንደ መስታወት ካበራ በኋላ የምንነፋበት ቅብ አይይዝለትም።

ኮሩ ላይ ያለውን ዘይት በደንብ ጥረጉ። ኮሩን 200 ዲግሪ ገደማ አሙቁና በውሃ የተበጠበጠ ግራፋይት (እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ዱቄት) በስሱ ንፉበት። ውሃው ወዲያው ተንኖ ደረቅ ጥቁር ገጽ ይቀራል። አሉሚኒየም ባዶ ብረት ላይ መጣበቅ ይወዳል፤ ይህ ቅብ ነው የሚለያቸው። እርጥበት የቀረበት ኮር ላይ ግን በጭራሽ አታፍስሱ፤ የቀለጠው ፊታችሁ ላይ ይፈናጠራል።

ፑሊው እንደረጋ፣ ገና ትኩስ እያለ ኮሩን ሳቡት። ሻይ ጠጥቼ ልመለስ ካላችሁ አለቀላችሁ።