ሽሮው ጓጎለ፣ ሽንኩርቱ አረረ

ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ ለብቻው ማብሰል የጀመረ ታናሽ ወንድም አለኝ። ሲደውል ሁልጊዜ የሚወቅሰው እሳቱን ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድስቱ ከመጣዱ በፊት የተሠራ ነው።

ሽሮው ጓጎለ። ጓጉሉን በማማሰያ ስትጫነው ከውስጡ ደረቅ ዱቄት ብቅ ይላል። ዱቄቱን የፈላ ውኃ ላይ ደፍተኸዋል ማለት ነው፤ ውጩ ወዲያው በስሎ ይጣበቅና ለውስጡ ውኃ ይከለክለዋል። ወንድማለም፣ እናታችን በግራ እጇ እየነሰነሰች በቀኟ ስታማስል አይተህ ልሞክር አትበል፤ እሱ የዓመታት እጅ ነው። አንተ ሽሮውን በጎድጓዳ ሳህን፣ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው። መጀመሪያ ውኃው ትንሽ ይሁን፤ ወፍራም ሊጥ ሲመስል አሽተህ ፍታውና ከዚያ አቅጥነው። እያማሰልክ ቁሌቱ ላይ አፍስስ። አንዴ ከጓጎለ ደግሞ ከእሳት አውርደህ ከድስቱ ጎን ጋር እያሸህ ፍታው፤ እምቢ ካለ በወንፊት አጥልለው። ዱቄት መጨመር ግን ያብስበታል። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና፣ ፈላ ብለህ አትቸኩል፤ ጥሬ ጥሬ ማለቱ እስኪጠፋ ይንተክተክ።

ቁሌቱ ግማሹ አሮ ግማሹ ጥሬ ከሆነ አከታተፍህን እይ። ደቃቁ ሲያር ትልልቁ ገና ነው። ሽንኩርቱን ከጫፍ እስከ ሥሩ ለሁለት ሰንጥቀው፣ የተቆረጠውን ፊት መክተፊያው ላይ አስተኛ፣ ሥሩን አትቁረጥ፤ እሱ ነው ቅጠሉን አንድ ላይ የሚይዝልህ። መጀመሪያ ወደ ሥሩ አቅጣጫ በቀጭኑ ሰንጥቅ፣ ቀጥሎ አግድም ክተፍ። የቤታችን ሴቶች በመዳፋቸው ላይ ይከትፋሉ፤ ለጀማሪ አልመክርም። መክተፊያው ከተንሸራተተ ሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፍ።

ዓይንህ ካነባ ቢላዋው ደንዟል። የደነዘ ቢላዋ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል፤ በተጨፈለቀ ቁጥር የሚያስለቅሰው ተን ይበዛል። በሞረድ ሳለው። ክብሪት በጥርስ ንከስ የሚሉም አሉ፤ እኔ ነክሼም አልቅሻለሁ።

ነጭ ሽንኩርት ከሙቀጫው እየዘለለ ካስቸገረህ ቆንጠር አድርገህ ጨው ጨምርበት። የተላጠ ድንች የሚጠቁረው አየር ስላገኘው ነው፤ ሽንኩርቱን ከትፈህ እስክትጨርስ ውኃ ውስጥ ይቆይልህ።